አዳማ ውስጥ የእርሳስ ፊደል የለቀማችሁ አላችሁ?

ይህን ጥያቄ እዚህ መድረክ ላይ የለጠፍኩት ሐሙስ ማታ ነው። ያነሳሳኝ አንድ የሠርግ መጥሪያ ካርድ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ልትዳር ነው። ካርዱ ወፍራም ነው፣ ጽሑፉ በወርቅማ ቀለም ታትሟል፣ ሲያዩት ያምራል። የሙሽራዋ አባት ስም ላይ ግን አንድ ፊደል ተሳስቷል። ካርዱ ተበትኖ አልቋል። አባትየው ለእኔ ሲሰጡኝ አውራ ጣታቸውን ስማቸው ላይ አድርገው ነበር የያዙት።

እኔ በዚህ ሥራ ያደግኩ ሰው ነኝ። ከተማችን ገና ናዝሬት እየተባለች፣ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ተቀጠርኩ፤ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ የማተሚያ ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀሙ ለኅትመት መደርደር ማለት ነው። 17 ዓመቴ ነበር። ስለዚህ የሚሰማኝን ሳልሸፋፍን ጻፍኩት። በእርሳስ ፊደል ዘመን አንድ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ቢያንስ ሦስት ሰው ፊደል በፊደል ያየው ነበር። ለቃሚው፣ አራሚው፣ ማሽኒስቱ። ኮምፒውተር ሲመጣ ሦስቱም አንድ ሰው ሆኑ። ስህተት የበዛው ያኔ ነው አልኩ። አዳማ ውስጥ ያንን ሥራ የሚያስታውስ ካለ ደግሞ ይምጣ ብዬ ጠየቅኩ። እስከ እሑድ ድረስ 31 መልስ ገባ። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ከአእምሮዬ ያልወጡትን ልንገራችሁ።

1ኛው መልስ የአንዲት ጡረተኛ ታይፒስት ነው። በትሕትና ሰላምታ ጀምረው ሐሳቤን ደገፉ። እሳቸው ማተሚያ ቤት ሳይሆን መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ የአማርኛ ኦሊቬቲ ላይ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። መኪናው ሃምሳ በማይሞሉ ቁልፎች ነው ከ200 በላይ ፊደል የሚያወጣው። ስለዚህ መጀመሪያ የፊደሉ አካል ይመታል፣ ከዚያ ቅጥያው ይጨመርበታል። ኢንጂነር አያና ብሩ አማርኛን በጽሕፈት መኪና ለማስጻፍ የደከሙትን አንስተው፣ ያኔ ፊደሉ ራሱ ለመኪናው ሲባል መልኩን መቀየር እንደነበረበት አስታወሱን። የወደድኩት ግን ስለ ካርቦን የጻፉትን ነው። አምስት ወረቀት በካርቦን ደራርበው ሲመቱ አንድ ስህተት አምስት ቦታ ይታረማል። ስለዚህ ጣት ከመውረዱ በፊት ዓይን ይቀድማል። እኔ በሦስት ሰው ያስረዳሁትን እሳቸው በአንድ ሰው አስረዱት።

2ኛው አንድ ወጣት ነው። ጋሼ ብሎ ጀምሮ፣ ፊደል እንዴት እንደሚለቀም ጠየቀኝ። ጥያቄው ደስ አለኝ። 3ኛው መልስ የራሴ ሆነ፤ ረጅም ነበር።

እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ትንሽ የእርሳስ ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ ፊደሉ መስታወት ውስጥ እንደሚታየው ተገልብጦ አለ። በግራ እጅህ የብረት መደርደሪያ ትይዛለህ፣ በቀኝህ ከሳጥን እየለቀምክ ትደረድራለህ። መስመሩ ሲሞላ ወደ ትሪ ታወርደዋለህ። ገጹ ሲያልቅ ዙሪያውን በሲባጎ ታስረዋለህ። የእንግሊዝኛ ለቃሚ 26 ፊደሉን ትልቁንም ትንሹንም ፊቱ ዘርግቶ አንድ ቦታ ቆሞ ይሠራል። የእኛ ፊደል 33 በሰባት ሲባዛ 231 ነው። እነ ቋ፣ ጓ፣ ኳ አሉ። የግዕዝ ቁጥር አለ፣ ነጥቡ አለ። ስለዚህ የእኛ ለቃሚ ይራመዳል። ማታ ቤቴ ስገባ የሚያመኝ እግሬ ነበር እንጂ እጄ አልነበረም።

ሳድሶቹ፣ እነ ን፣ ት፣ ም፣ ው፣ እጅ አጠገብ ትልልቅ ሳጥን ነበራቸው። ያም ሆኖ ያልቃሉ። ን ካለቀ ሥራ ይቆማል። የቀደመው ገጽ ታትሞ፣ በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ተፈቶ፣ ፊደሉ በየሳጥኑ እስኪመለስ ትጠብቃለህ። ለአዲስ ልጅ የሚሰጠው ሥራ ይኸው መመለሱ ነው። መጀመሪያ ሦስት ወር ሙሉ አንዲት መስመር አልለቀምኩም። ስመልስ ብቻ ነው የዋልኩት። አንዷን ፊደል የማይሆን ሳጥን ውስጥ ከጣልክ ለቃሚው ሳያይ ያነሳታል፤ የለመደ እጅ አያይም። አለቃችን ስህተቷ ከየት እንደመጣች ያውቅ ነበር። አይሳደብም። ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ አፍስሶ እንደገና እንድለየው ያደርገኝ ነበር።

እዚያው ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ። ሰ ሲያልቅብን ሠ እናስገባ ነበር፣ አ ሲያልቅ ዐ። ይህችን ስጽፍ ምንም አልመሰለኝም ነበር።

4ኛው መልስ ላይ የአማርኛ መምህር ተነሱ። በዚህ የመድረኩ ድምፅ ተቀየረ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በቀይ እስክሪብቶ የሚያርሙትን እኔ ሳጥን ስላለቀብኝ እንዳበላሸሁት ነገሩኝ። ፀሐይ ስትወጣ ሠረቀች የሚባለው በንጉሡ ሠ ነው፣ ሌባ ሲሰርቅ ግን በእሳቱ ሰ ነው። ሥዕል የሣለው ሠዐለና ምልጃ የለመነው ሰአለም እንደዚሁ በፊደል ይለያያሉ። ታዲያ ይህን እያደባለቅን ሦስት ዓይን አየው የምለው ምን ሊያይ ነው? ከኮምፒውተር በፊት ስህተቱን ሕግ ያደረግነው እኛው ራሳችን ነን አሉ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። የማውቀው፣ ደንበኛው ደረሰኙን ቀትር ላይ ይፈልጋል፣ ሳጥኑ ደግሞ ባዶ ነው።

5ኛው ሁለት ነጥብን ከቃላት መካከል ያጠፋው ኮምፒውተር ነው አለ። ይሄ እንኳ ትክክል አይደለም። እኛ በእርሳስ ስንሠራም በቃልና በቃል መካከል ባዶ እርሳስ ነበር የምንከተው።

6ኛውን ሳነብ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። አዲስ አበባ ትልቅ ማተሚያ ቤት ሠርተው አሁን ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። እኔ የእርሳስ ዘመን ማለት የእጅ ለቀማ ብቻ አስመስዬ መጻፌን በጨዋ ደንብ አረሙኝ። ነገሩን ከሥሩ ነው ያመጡት። የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ መዝሙረ ዳዊትን ሲያሳትም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። ሊኖታይፕ የሚባለውን፣ ቁልፍ እየተመታ ሙሉ መስመር ከእርሳስ የሚያፈስሰውን ማሽን ደግሞ ኦትማር መርገንታለር አሜሪካ ውስጥ ነው የሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ኒው ዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ ሥራ ላይ አዋለው።

አሠራሩን ሲገልጹት እንደ ልጅ ነው የተከተልኳቸው። ቁልፍ ስትነካ የናስ ቅርጽ ከላይ ካለው ማከማቻ ተንሸራቶ ይወርዳል። ቅርጾቹ መስመር ሠርተው ይሰለፋሉ፣ በቃላቱ መካከል ያሉት ሽብልቆች ወደ ላይ ተገፍተው መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ይሞሉታል። ከዚያ የቀለጠ እርሳስ ይገባበታል። ሙሉ መስመሩ እንዳለ አንድ ዘንግ ሆኖ ትኩስ ይወጣል። ሥራው ግን እዚህ አያበቃም። አንድ ረጅም ክንድ ወርዶ ቅርጾቹን ያነሳል፤ እያንዳንዱ ቅርጽ በጥርሶቹ አቀማመጥ እየተለየ ወደ ራሱ ማከማቻ ይወድቃል። እኔን ሦስት ወር ያስለቀሰኝን መመለስ ማሽኑ በራሱ ይሠራዋል ማለት ነው! በሊኖታይፕ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ግን መስመሩ በሙሉ እንደገና ይፈስሳል። አዲስ በፈሰሰው መስመር ላይ ሌላ ስህተት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ አራሚው የታረመችውን ቃል ብቻ አይቶ አያልፍም፣ መስመሩን ከጫፍ ጫፍ ያነበዋል። ኒው ዮርክ ታይምስ ይህን ማሽን ያሰናበተው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1978 እንደሆነም ጨመሩ።

7ኛው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የሊኖታይፕ ቁልፍ 90 ነው፣ ታዲያ 231 ፊደል የት ይቀመጣል ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። 8ኛው ላይ ጡረተኛው ተመልሰው መጡ። አንዱ የናስ ቅርጽ ሁለት ፊደል መያዝ ይችላል፤ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች። ስለዚህ 90ው 180 ይሆናል፣ በጎን ደግሞ ተጨማሪ ማከማቻ የሚገጠምላቸው ማሽኖች አሉ። ለብዙ ፊደል የሚመቸው ግን ሞኖታይፕ ነው። የቶልበርት ላንስተን ሥራ ነው፣ ሁለት ማሽን ነው። አንዱ ላይ ሲመታ ወረቀት ይበሳል። ሌላው የተበሳውን ወረቀት እያነበበ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያፈሰሰ ይደረድራል። የቅርጾቹ መያዣ መጀመሪያ 15 በ15 ነበር፣ 225 ማለት ነው። ቆይቶ 15 በ17 ሆነ፣ 255። ከዚያ 16 በ17፣ 272። ተማሪው ወዲያው ቆጠረው፤ በመጀመሪያው መያዣ ሀ ግዕዝን ብሎ ፐን ለመጨረስ የቀረን ስድስት ቦታ ነው። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ያኔ ይህን ማሽን ባየው ኖሮ እያልኩ ነው ያደርኩት።

9ኛው ሰው ለእርሳስ ሠራተኛ ወተት ይሰጥ እንደነበር አስታወሰ፤ ወተት መርዙን ያጥባል ስለሚባል። 10ኛዋ ነርስ ናት፣ ፈርጠም ብላ አረመችው። ወተት እርሳስን ከሰውነት አያወጣም። ማሽኑ ላይ ያለው ድስት 285 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው፤ በዚያ ሙቀት ብዙ የእርሳስ እንፋሎት አይወጣም። ትልቁ አደጋ እጅ ነው። ሳይታጠቡ መብላት ነው፣ ከሳጥን የሚነሳ አቧራ ነው። እኛ ዳቦአችንን በጠቆረ ጣት ቆርሰን እዚያው ሳጥኑ ላይ ነበር የምንበላው። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ሁልጊዜ ሆዱን ያመው ነበር። ምክንያቱ ይህ ይሁን ሌላ ማንም አልመረመረውም። ማንም አልነገረንም ነበር።

ከ11 እስከ 15 ያለው ወሬ ወደ ሙቀት ሄደ። አዳማ ላይ ሙቀት ከተነሳ መቼ ያልቃል! አንዱ በሚያዝያ ቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከቀለጠ እርሳስ አጠገብ መቆም ምን እንደሚመስል አስቡት አለ። እኔ ስለ ሮለሩ ነገርኳቸው። የአሮጌ ማተሚያ ሮለር ከሙጫና ከግሊሰሪን የተሠራ ስለነበር በሙቀት ይለሰልሳል፣ ቀለሙን እኩል አይቀባም። ስለዚህ በበጋ ጠዋት በ12 ሰዓት ጀምረን ቀትር ሳይደርስ ማተሙን እንጨርስ ነበር። ከዚያ ወሬው ወደ ጋሪ ዞረ፣ ወረቀት ከባቡር ጣቢያ በጋሪ ይመጣ እንደነበር። ከጋሪ ወደ ባጃጅ ዋጋ። አንዷ ፍራንኮ አካባቢ የነበረ ኬክ ቤት ፈለገች፣ ሁለት ሰው ቦታውን ነገራት።

16ኛው መጣና ሁሉንም ጸጥ አደረገ። ግራፊክ ዲዛይነር ነው፣ ወጣት ነው፣ ተናዷል። እኔን አንተ እያለ ነው የጻፈው። ጽሑፉ በቴሌግራም በሌሊት ይላክልኛል ይላል። ፊደሉን የሳተው ላኪው ራሱ ነው። ጠዋት ታትሞ ይፈለጋል። ለዲዛይኑ እንጂ ለማንበቡ የሚከፍለው ሰው የለም። ናሙና ልኮ አይታችሁ አጽድቁ ሲላቸው ሳያነቡ የአውራ ጣት ምልክት ይልኩለታል። ከዚያ ስህተት ሲገኝ ጥፋቱ የኮምፒውተር ይሆናል። አሮጌ ሰዎች የራሳችሁን ዘመን ታሞግሳላችሁ፣ የመምህሩን እርማት ግን ዘላችሁ አለፋችሁ አለ።

17ኛውና 18ኛው ሰደቡት። ባለጌ አሉት። 19ኛው ስድቡን ለሰደቡት መለሰ። ያን ሰዓት ውይይቱን ልዘጋው ነበር። እንዳልዘጋው ያደረገኝ 20ኛው መልስ ነው፤ እንኳንም አልዘጋሁት።

የጻፈችው መብራት ኃይል አካባቢ ማተሚያ ያላት ሴት ናት። ልጁን ደግፋ ጀመረች። በእርሳስ ጊዜ ሥራ ፈልጋ ሁለት ቦታ ጠይቃለች። ለቀማ የወንድ ነው ተብላ ወረቀት እንድታጥፍ ብቻ ተፈቀደላት። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ወጥቶ ቅድመ ምርመራ ሲቀር የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። ያን ሁሉ በእጅ ለቅሞ የሚያደርስ አልነበረም። አሥር ጣት የሚጽፍ ሰው ተፈለገ፣ እሷ አሥር ጣት ትችል ነበር። ፔጅሜከር በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ተቀመጠች። በስድስት ወር ከአሮጌዎቹ ለቃሚዎች የበለጠ ደመወዝ አገኘች። ለእኔ ሥራ የወሰደው ማሽን ለእሷ ሥራ ሰጣት። ግን ለልጁም አንድ ነገር ነገረችው። እሷ ቤት ማንኛውም ሥራ በወረቀት ወጥቶ፣ ከጻፈው ሰው ውጭ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሳያነበው ፕሌት፣ ማለትም የማተሚያ ሰሌዳ፣ አይሠራለትም። ለዚህ ለብቻው ዋጋ ታስከፍላለች፣ ደንበኛም አልሸሻትም።

21ኛው የእኔ ነው። አጭር ነበር። ስህተቱ የኮምፒውተሩ ነው ማለቴን አነሳሁ። አንባቢው ከሥራው ዝርዝር ውስጥ መሰረዙ ግን እውነት ነው፤ እሱን አላነሳሁም። ሴቶቹን በተመለከተ ደግሞ፣ እኔ በነበርኩበት ቤትም አንዲት ሴት ሳጥኑ ጋ ቆማ አላየሁም። እስከ ቅዳሜ ድረስ ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

22ኛው ሌላ ቁስል ከፈተ። የእድራቸው መተዳደሪያ ደንብ ከ20 ዓመት በፊት በኮምፒውተር ተጽፎ ነበር። ፋይሉን ሲከፍተው የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይወጣል። አባቱ በእርሳስ ያሳተሙት የቀድሞው ደንብ ግን ዛሬም ይነበባል። 23ኛው አረጋጋው። ፋይሉ አልጠፋም። እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉት የቀድሞ ሶፍትዌሮች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ነው ያስቀመጡት። ፎንቱ ከሌለ ኮምፒውተሩ ላቲኑን ያሳያል። የግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ነው (ዩኒኮድ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው)፣ ያኔ 345 ቦታ ተሰጠው። ስለዚህ መጀመሪያ የተጻፈበትን ፎንት ፈልጎ መጫን፣ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። አሮጌ ፍሎፒና ሲዲ ያላችሁ ሰዎች ይህን ሥራ ፎንቱ ሳይጠፋ አሁኑኑ ሥሩት፤ እለምናችኋለሁ።

ከዚያ ጥያቄው ፊደሎቹ ራሳቸው የት ገቡ ወደሚለው ዞረ። የአብዛኛው መልስ አንድ ነው። ቆራሌው። በኪሎ ተሸጡ። አንዱ ባትሪ ሠሪ ጋ ሲቀልጡ በዓይኑ አይቷል። የእኛም ቤት ሳጥን እንደዚያው ሄደ። የሸጠው ሰው ከመሸጡ በፊት ለማናችንም አልነገረንም። ሰምቼ ስደርስ ግድግዳው ላይ የሳጥኖቹ ምልክት ብቻ ነበር የቀረው።

28ኛው አንድ መስመር ነው። ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ የሚኖር ሰው፣ አባቱ ሲሞቱ የተዉት ሁለት የፊደል ሳጥን መጋዘኑ ውስጥ አለ፤ ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። በዚያች ደቂቃ እንዳይሸጥ ጻፍኩለት። 31ኛው የዲዛይነሩ ልጅ ነው። ለሁላችንም ይቅርታ ጠይቆ፣ ጋሼ ብሎኝ፣ ከእኔ ጋር መሄድ ይችል እንደሆነ ጠየቀ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ሄድን። ሳጥኖቹ ተገልብጠው ነበር መሰለኝ ሁሉም ተደባልቋል፣ አቧራው ሌላ ነው። በነርሷ ምክር ጓንት አድርገን ጀመርን። ልጁ ፊደል አንስቶ መጀመሪያ ወደ ስልኩ ካሜራ ያዞር ነበር፣ ቀጥ አድርጎ ለማንበብ። ከሰዓት በኋላ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እስኪመሽ የለየነው ከአንደኛው ሳጥን ግማሹን ነው። ሆሄያቱ ከሞላ ጎደል አሉ፤ ቋም ጓም አለች። ን ግን 11 ብቻ ናት። በ11 ን አንድ አንቀጽ አይለቀምም። የፊደሎቹ መጠን 12 ፖይንት ነው። አዳማ፣ ሞጆ፣ ወንጂ፣ የትም ብትሆኑ ቤታችሁ ጥግ የእርሳስ ን የተረፋችሁ ካላችሁ እዚህ ጻፉልኝ፤ መጥቼ እወስዳለሁ።